የገበሬው ትምህርትና የነጋዴው ድርሻ

የኢትዮጵያ ንግድ ሥሩ በገበሬው ማሳ ላይ መሆኑ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ቡናው፣ ሰሊጡ፣ ባቄላውና ቦሎቄው ካልደረሰ ላኪው የሚልከው የለውም፤ ገበሬው እህሉን ሸጦ ብር ካልያዘም ባለሱቁ ጨርቁን፣ ቆርቆሮውንና ሳሙናውን የሚገዛው አያገኝም። ስለዚህ ዝናብ በተዛባ ጊዜ የገበሬው ጎተራና የነጋዴው መዝገብ አብረው ይጎድላሉ። ይህን የሚያውቀው ነጋዴ ብዙ ነው። ገበሬው ከተለወጠው የአየር ጠባይ ጋር ተስማምቶ ለማረስ የሚያስፈልገውን ዕውቀት ከወዴት እንደሚያገኝ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። ጉዳዩ ሲነሣ «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» ብሎ የሚያልፈው ይበዛል። ነገር ግን ነጋዴው ቢያውቀውም ባያውቀውም በየገበያው ቀን ገበሬውን ያስተምራል፤ የሚቀረው ጥያቄ የሚያስተምረው መልካም ነው ወይስ ክፉ የሚለው ብቻ ነው።

የአየር ጠባይ መለወጥ የሩቅ ዘመን ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ጨምሯል። እ.ኤ.አ. በ2015 የበልጉም የክረምቱም ዝናብ በብዙ ቦታ በመጉደሉ በተከታዩ ዓመት ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የምግብ እርዳታ አስፈልጎታል። ስለ ቡናም ቢሆን የኪው የዕፀዋት ተቋም ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት፣ አንዳች እርምጃ ካልተወሰደ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው ለቡና የማይስማማ ሊሆን እንደሚችል አመልክተዋል። ይኸው ጥናት ግን ቡና ወደ ከፍተኛው ቦታ ቢወጣ አዲስ የሚስማማው መሬት ሰፊ መሆኑን ጨምሮ ያስረዳል። እንግዲህ ለቡና ላኪው ትልቁ ነገር ገበሬው የትኛውን ቡና፣ በየትኛው ከፍታ፣ በምን ጥላ ሥር መትከል እንዳለበት በጊዜ ማወቁ ነው። የቡና ችግኝ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ስለሚፈጅ ዛሬ የተሳሳተ ሰው ስሕተቱን የሚያየው ዘግይቶ ነው።

የቀድሞው ገበሬ መቼ እንደሚያርስና መቼ እንደሚዘራ ከአባቱ ተምሯል። የበዓላቱን ቀን ቈጥሮ፣ የደመናውን አመጣጥና የነፋሱን አቅጣጫ አይቶ፣ ጤፉን ከገብሱ፣ ማሽላውን ከጤፉ ለይቶ በየወቅቱ ይዘራ ነበር። ይህ ዕውቀት በብዙ ዘመን ፈተና የተጣራ እንጂ የድንቁርና ልማድ አይደለም። ችግሩ ዕውቀቱ የተመሠረተበት ዝናብ ከቀኑ መራቁ ነው። በሌላ በኩልም በአዲስ አበባ ተጽፎ ለአገሩ ሁሉ የሚበተን አንድ ዓይነት ምክር ገበሬውን አያረካውም። በግማሽ ቀን መንገድ ውስጥ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ በሚፈራረቁበት አገር ለአንዱ ማሳ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ጉዳት ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ገበሬው በቃል ከተነገረው ይልቅ በጎረቤቱ ማሳ ላይ በቅሎ፣ አፍርቶና ተወቅቶ ያየውን ያምናል። የአንድ ዓመት እህሉን ለሙከራ የሚያቀርብ ሰው እንዲህ ቢጠነቀቅ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም።

ይህን የገበሬውን ጠባይ እንደ እንቅፋት መቍጠር ትተው እንደ ትምህርት ቤት የተጠቀሙበት አገሮች አሉ። በኢንዶኔዥያ ጸረ ተባይ መድኃኒት አለልክ በመረጨቱ የሩዙን ተባይ የሚበሉት ሸረሪቶችና ነፍሳት አብረው አልቀው ተባዩ ባሰ። መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ1986 በሩዝ ላይ 57 ዓይነት መድኃኒት እንዳይረጭ ከለከለ፤ ክልከላው ብቻ እንደማይበቃ ስለታወቀም እ.ኤ.አ. በ1989 ከዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ጋር የገበሬዎች የመስክ ትምህርት ቤት የሚባለው ተጀመረ። ሃያ አምስት ያህል ገበሬዎች ከዘር እስከ መከር በየሳምንቱ በአንድ ማሳ ይሰበሰባሉ፤ ተባዩንና ተባዩን የሚበላውን ነፍሳት ራሳቸው ይቈጥራሉ፤ ያዩትንም ሥለው ይከራከሩበትና ምን መደረግ እንዳለበት ራሳቸው ይወስናሉ። ከዚያም ወዲህ በምዕራብ ጃቫ በኢንድራማዩ አውራጃ ይኸው ዘዴ ወደ አየር ጠባይ ተመልሶ፣ ገበሬዎች የዝናብ መለኪያ በማሳቸው ተክለው የወረደውን ውሃ በየቀኑ መጻፍና ከሰብላቸው ሁኔታ ጋር ማመዛዘን ተምረዋል።

በኢትዮጵያም ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። የኮንሶ ሕዝብ ተራራውን በድንጋይ እርከን አስሮ አፈሩንና ውሃውን ይዞ የኖረው ዕውቀቱን ከትውልድ ወደ ትውልድ በጋራ ሥራ እያስተላለፈ ነው፤ ይህም መልክዐ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ደቦውና ወንፈሉም ጉልበት የሚያስተባብሩትን ያህል ወሬና ልምድ ያስተባብራሉ። በቅርቡ ዘመን ደግሞ ተመራማሪዎች አራት መቶ የስንዴ ዓይነቶችን በትግራይ በሀገረ ሰላም፣ በአማራም በገረገራ ዘርተው ለስድሳ ገበሬዎች፣ ለሴቶችና ለወንዶች፣ እንዲመረምሩት አቅርበውላቸዋል። አብዛኛው በአዲስ አበባ በሚገኘው የዘር ማከማቻ ተጠብቆ የቆየ የገበሬው የራሱ ነባር ዘር ነበር፤ ከእነዚህም ከተሻሻሉት ዘሮች የማያንሱ፣ እንዲያውም የሚበልጡ ተገኝተዋል።

ወደ ንግዱ ሲመለሱ የጤፍ ታሪክ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምር ነው። ማኛ የሚባለው ጤፍ በንጣቱ በገበያ ይወደድ ነበር፤ ምርቱ ግን አነስተኛ ነበር። ዱከም የሚባለው ምርቱ የበረከተ ሆኖ ሳለ እንደ ማኛ ነጭ ባለመሆኑ ገዢ አላገኘም፤ ገበሬውም በስፋት አልተቀበለውም። በደብረ ዘይት የምርምር ማእከል ሁለቱን አዳቅሎ ቁንጮ የተባለው ዘር እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ጊዜ፣ ንጣቱም ምርቱም ስለተገኘለት ከገበሬ ወደ ገበሬ በፍጥነት ተዛመተ። ዱከም እንዲቀር፣ ቁንጮም እንዲስፋፋ ካደረጉት አንዱ የእህል ነጋዴው ሚዛንና ዋጋ ነው። ገበሬው በማሳው የተማረውን ገበያው ያጸድቅለታል ወይም ይሽርበታል።

ነጋዴው ትምህርቱን የሚያበላሽባቸው መንገዶች አሉ። አንደኛው፣ ጊዜው ያለፈበትን ዘር ወይም የተበረዘ መድኃኒት መሸጥ ነው። በዚህ የተታለለ ገበሬ የሚከስረው የአንድ ዓመት ምርት ነው፤ መንደሩ ግን «አዲስ ነገር መሞከር እንዲህ ነው» ብሎ ስለሚማር ለብዙ ዓመት እጁን ይሰበስባል። ሁለተኛው፣ ድርቅ የሚችለውንና የማይችለውን፣ ለቅሞ ያደረቀውንና ያላደረቀውን በአንድ ዋጋ ገዝቶ በአንድ ጆንያ መቀላቀል ነው። ደክሞ የተማረው ሰው ካልተማረው እኩል ከተከፈለው የሚቀጥለው ዓመት ትምህርቱን ይተወዋል፤ ጎረቤቱም አይቶ አይከተለውም።

እርግጥ ነው፣ ነጋዴው የሚያቀርበው መከራከሪያ አለው። «እኔ ለሙከራ ገንዘቤን ባፈስ ገበሬው የተማረውን ይዞ ምርቱን ለሌላ ነጋዴ ይሸጣል» ይላል። ይህ አባባል ውሸት አይደለም፤ ለብቻው ወጪ የሚያደርግ ነጋዴ ሊጎዳ ይችላል። ነገር ግን መፍትሔው በዕቁብና በዕድር ለሚኖር ሕዝብ የተሰወረ አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ በአንድ ከተማ ያሉ ነጋዴዎች በንግድ ምክር ቤታቸው በኩል ጥቂት ጥቂት ቢያዋጡ ወጪው በማንም ላይ አይከብድም፤ ጥቅሙም የሁሉም ይሆናል። ሌላው ሥጋት፣ ነጋዴው አስተማሪ ሲሆን የራሱን ዕቃ ብቻ እንዳያወድስ ነው። ስለዚህ ነጋዴው በሙከራው ወጪ ይሳተፍ፤ ዳኝነቱን ግን ለገበሬዎቹና ለእርሻ ባለሙያዎች ይተው።

ከዚህ የተነሣ እያንዳንዱ በየሙያው ሊሠራው የሚችለው ነገር አለ። ባለሱቁ የዘሩንና የመድኃኒቱን ቀን ለማያነብ ደንበኛ ያንብብለት፤ ያለፈበትንም ከመደርደሪያው ያውርድ። መከር ሲገባ ደግሞ የሸጠው ዘር እንዴት እንደሆነ ይጠይቅ፤ የሰማውንም ደግ ሆነ ክፉ ለሚቀጥለው ገዢ ይንገር። ከየወቅቱ በፊት የሚወጣውን የሜትዎሮሎጂ ትንበያም በሱቁ ግድግዳ ላይ ቢለጥፈው የሚያስከፍለው ነገር የለም። አስመጪው በሕግ የተፈቀደለትን አዲስ ዘር ወይም የውሃ መሳቢያ በብዛት ከማምጣቱ በፊት በጥቂቱ አምጥቶ በደጋውም በቆላውም በገበሬዎች እጅ አንድ ወቅት ያስፈትነው። ላኪው በመጋዘኑ በር ላይ የደረጃውን ናሙና ከነዋጋው ያኑር፤ ምርቱ ዝቅ ተደርጎ የተገዛበትም ገበሬ ምክንያቱን ሰምቶ ይሂድ። አዲስ የተሞከረ ሰብል በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት ቢሆንም ገዢ አይጣ።

ትምህርት ዝናብ አያዘንብም። እንደ 2015 ያለ ድርቅ ሲመጣ እርዳታና የመንግሥት ክንድ ያስፈልጋል። ከድርቅ እስከ ድርቅ ባሉት ዓመታት ግን ገበሬው ከገበሬ የሚማረው ነገር ቀጣዩን ክፉ ዓመት የሚያቀልለት ስንቅ ነው። ይህ ትምህርት በየማሳው ይጀመርና በገበያ ይፈተናል፤ የገበያውን ሚዛን የያዘውም ነጋዴው ስለሆነ፣ በሚቀጥለው የመከር ወራት ሚዛኑን ሲያነሣ የሚመዝነው እህል ብቻ አለመሆኑን ቢያስብ ለራሱም ለአገሩም ይበጃል።