ቁልፉ በመምህሩ እጅ ይሁን
በሐይቅና በአምባሰል ለምትገኙ የትምህርት ኃላፊዎች፣ ርእሳነ መምህራንና የወላጅ መምህር ኅብረት አባላት፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ኮምፒውተር ለትምህርት ቤት ሲሰጥ የምንከተለው አሠራር እንዲለወጥ ለመጠየቅ ነው። ዕቃው በርክክብ ሥነ ሥርዓት ይመጣል፣ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ ብዛቱም በሪፖርት ይላካል። ስንት ክፍለ ጊዜ ተማሩበት ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። ፈርሞ የተረከበው ሰው ዕቃው ቢሰበር ወይም ቢጠፋ ይጠየቃል፤ ማንም ሳይነካው ዓመቱ ቢያልቅ አይጠየቅም። እንዲህ ባለ አሠራር ውስጥ ክፍሉን ቆልፎ ቁልፉን ኪስ ውስጥ መክተት ስንፍና አይደለም፤ ራስን መጠበቅ ነው። ኮምፒውተር ላስቲኩ ሳይገፈፍ የሚያረጀው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ጥፋቱም ከቁልፍ ያዡ ይልቅ የአሠራሩ ነው።

መምህሩን ወደ ዳር የገፋ ቴክኖሎጂ ምን እንደሚሆን በፕላዝማ ቴሌቪዥኑ አይተናል። በ1990ዎቹ ማብቂያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ፣ በእንግሊዝኛ፣ በሳተላይት ይተላለፍ ጀመር። ለመምህሩ የተረፉት በመግቢያውና በማብቂያው ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። ተማሪው አልገባኝም ቢል ሥርጭቱን ማቆም አይቻልም ነበር፤ መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርት አለፈ ማለት ነበር። ፔሩም ከ8 መቶ ሺህ በላይ ላፕቶፕ ለተማሪዎች አድላ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት በሒሳብና በንባብ ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም። በዴልሂ ግን ጥያቄውን በእያንዳንዱ ተማሪ ደረጃ የሚያቀርብ ፕሮግራም፣ ከረዳት መምህር ጋር፣ በአምስት ወር ባልሞላ ጊዜ የሒሳብና የሂንዲ ውጤትን በግልጽ አሻሽሏል። ልዩነቱን ያመጣው የዕቃው ብዛት አይደለም፤ ልጁ ምን እንደሚሠራበትና አጠገቡ ማን እንዳለ ነው።

በ2014 ዓ.ም ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤት በተጎዳበት አካባቢ፣ ወንበርና መጽሐፍ ሳይሟላ ስለ ኮምፒውተር ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ጭንቀታቸው ትክክል ነው፤ ወንበሩም ይቅደም። ነገር ግን መጽሐፍ ለሦስት ለአራት በሚዳረስበት ክፍል፣ የመጽሐፉን ቅጂ በፍላሽ ይዞ በአንድ ፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ማሳየት የሚጠቅመው ከሁሉ በፊት ለድኻው ትምህርት ቤት ነው። ቤተ ሙከራ የሌለው የባዮሎጂ መምህር የልብን ክፍሎች በጠመኔ ይሥላል፤ ሥዕሉ ግን አይንቀሳቀስም። በቪዲዮ ክዳኖቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ፣ ደሙ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ይታያል። መምህሩ እዚያው ላይ አቁሞ፣ «አሁን ወዴት ይሄዳል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ፕላዝማው የነፈገውም ይህንኑ ነበር። ኢንተርኔት የለም ለሚለውም መልሱ ይኸው ፍላሽ ነው። በዚያ ላይ ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ ከፊሉ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ብሔራዊ ፈተናውን በኮምፒውተር እየወሰደ ነው። ማውስ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ በዚያ ቀን የሚፈተነው በትምህርቱ ብቻ አይሆንም።

አገራችን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በሐይቅ እስጢፋኖስ መጻሕፍትና ደቀ መዛሙርት በአንድ ቦታ እንዲገናኙ ያደረጉበት ነውና፣ የምጠይቀው እንግዳ ነገር አይደለም። በሥራ ላይ እያለ የተበላሸ ዕቃ ከመምህር ደመወዝ እንዳይቆረጥ በጽሑፍ ይወሰን፤ ለጥገና ትንሽም ቢሆን በጀት ይያዝ። ሥልጠናው ከርክክቡ ይቅደም፤ የኮምፒውተር ክፍሉም ለሒሳብና ለሳይንስ መምህራን በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ውስጥ ይግባ። ረጂ ድርጅት ሲመጣ ፕሮጀክተርና ባትሪ እንጂ ተጨማሪ ኮምፒውተር አንፈልግም ለማለት አትፈሩ። በሚቀጥለው የሩብ ዓመት ሪፖርታችሁም «የተረከብነው ብዛት» ከሚለው ዓምድ አጠገብ «የተማርንበት ክፍለ ጊዜ» የሚል ዓምድ ጨምሩ፤ ባዶ ሆኖ ቢገኝም እንኳ ባዶነቱን ለወላጆች አሳዩ።