የቤተሰብ ጤና፦ ከጾም ያልመጣ ክሳት

ሰው ሲናደድ ወይም ኀዘን ሲበዛበት «ቆሽቴ አረረ» ይላል። ቆሽት በስሙ የታወቀ፣ በሥራው ግን ብዙ ሰው የማያውቀው የሰውነት ክፍል ስለ ሆነ፣ በዛሬው ጽሑፋችን ስለ እርሱና ስለሚደርስበት ብርቱ በሽታ፣ ማለት ስለ ቆሽት ካንሰር፣ ጥቂት ለመናገር አስበናል።

ቆሽት ከጨጓራ በስተኋላ ከአከርካሪ ፊት ለፊት ተጋድሞ የሚገኝ፣ ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ክፍል ነው። ምግብ የሚፈጭበትን ፈሳሽ ወደ አንጀት ይልካል፤ ኢንሱሊን እያመነጨም የደምን ስኳር ያስተካክላል። ከጉበት የሚወርደው የሐሞት ቧንቧም በእርሱ አጠገብና በውስጡ ያልፋል። በጥልቅ ስፍራ የተሰወረ በመሆኑ ዕብጠት ቢወጣበት በእጅ ተዳስሶ በቶሎ አይገኝም።

እስቲ በጊንጪ፣ በጉደር ወይም በጌዶ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አባት በሐሳባችን እንመልከት። በዐቢይ ጾም ወራት ላይኛው ሆዳቸውን ያማቸዋል፤ ሕመሙም ወደ ጀርባቸው ይዘልቃል። ቤተሰቡ «ጨጓራ ነው» ይላል፤ ሆዳቸው ሲነፋም የአምቦ ውሃ ይቀርብላቸዋል። ሲከሱ «ጾሙ ነው» ይባላል። ዓይናቸው ቢጫ ሲሆን፣ ሽንታቸው ሲጠቁር፣ ገላቸውን ሲያሳክካቸው «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ቅጠል ይፈለግላቸዋል። እኛም ይህን ስንሰማ ያደግን ነን። በመጨረሻ አንድ ሌሊት የበሉትን ሁሉ ያስመልሳቸዋል፤ ወይም ብርድና ትኩሳት ያንቀጠቅጣቸዋል፤ ወይም ሆዳቸውን ቀስፎ ይይዛቸዋል። ጎረቤት ተጠርቶ፣ መኪና ተፈልጎ፣ አምቦ ሆስፒታል ይደርሳሉ። ሐኪሙ በሽታው ሥር መስደዱን ሲናገር ቤተሰቡ «ትናንት ደኅና ነበሩ» ይላል። ያች ሌሊት ግን በሽታው የተገለጠባት እንጂ የጀመረባት አይደለችም።

ምክንያቱም ዕብጠቱ አድጎ የትንሹን አንጀት መግቢያ ሲዘጋ ምግብ መውረጃ ያጣል። የሐሞቱን ቧንቧ ሲዘጋም ዓይን ቢጫ ይሆናል፤ የታገደው ሐሞት ሲመረቅዝ ትኩሳትና ብርድ ይከተላሉ፤ ይህም ለነገ የማይባል፣ በሰዓታት ውስጥ ሕክምና የሚሻ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. በዓለም ላይ ከ510,000 በላይ ሰዎች በዚህ በሽታ መያዛቸው ሲታወቅ፣ በዚያው ዓመት 467,000 ያህል ሰዎች ሞተውበታል። መሣሪያና ሐኪም በሞላባቸው አገሮች እንኳ ዕብጠቱን በቀዶ ሕክምና ለማውጣት የሚቻለው ከ5 ሕሙማን ለ1 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ዘግይቶ የደረሰ ቤተሰብ ራሱን ሊወቅስ አይገባውም።

ሆኖም አስተዋይ ቤተሰብ የሚጠብቃቸው ምልክቶች አሉ። ጾም ያከሳው ሰው በበዓለ ኃምሳ ያገግማል፤ እነዚያ 50 ቀናት አልፈው እየከሳ የሚሄድ ሰው ግን ክሳቱ ከጾም አይደለም። ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ወይም በስተእርጅና የስኳር በሽታ በድንገት ጀምሮት የሚከሳ ሰው ሳይውል ሳያድር ይመርመር። ቢጫነቱ ከጉበት ይሁን ከቆሽት በዓይን አይለይም፤ የሚለየው በደም ምርመራና በአልትራሳውንድ ነው። ጠበል የሚጠመቅም ሰው ከሐኪም አይቅር፤ ቤተ ክርስቲያናችንም በሽተኛ ይጹም ብላ አታስገድድም።

ሐኪሙ «አይድንም» ቢል «የሚደረግ ነገር የለም» ማለቱ አይደለም። የተዘጋው የሐሞት ቧንቧ በቀጭን ቱቦ ሊከፈት፣ ለምግቡም በቀዶ ሕክምና ሌላ መተላለፊያ ሊሠራለት ይቻላል፤ ሞርፊን የተባለው መድኃኒትም ሕመሙን ያስታግሣል። ለዚህ ሲባል በሽተኛው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ፣ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። ቤተሰብም በሬውን ሸጦ ከመነሣቱ በፊት «ሕክምናው የሚያድን ነው ወይስ የሚያስታግሥ?» ብሎ ሐኪሙን በግልጥ ይጠይቅ። የሚያስታግሥ ነው ቢባልም፣ አባት ያለ ሥቃይ እህል ቀምሶ፣ ከልጆቹ ጋር ተነጋግሮና ተመራርቆ የሚያሳልፈው ወራት ትንሽ ነገር አይደለም።

እግዚአብሔር ለቤታችሁ ጤና ይስጥልን።