አንድ ጊዜ የተጻፈ ኮድ ለሁሉም ይበቃል

አንዱ «አብርሃ ጅራ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «አብርሃጅራ» ብሎ ያጣብቀዋል፣ ሦስተኛው «አብርሐ ጅራ» ይለዋል። የምዕራብ አርማጭሆ ሰው ሦስቱም ያው ከተማው መሆናቸውን ለማወቅ አፍታ አይፈጅበትም። ለኮምፒውተር ግን «ሃ» እና «ሐ» የተለያየ ቁጥር ያላቸው ሁለት ፊደላት ስለሆኑ ሦስት የተለያዩ ከተሞች ናቸው።

ጉዳዩ የከተማ ስም ብቻ ቢሆን በሳቅ ይታለፍ ነበር። ነገር ግን ባንክ ቤት «ኃይሉ»፣ መታወቂያው ላይ «ሀይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው ሲፈለግ «የለም» ሊባል ይችላል። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ወደ መተማ ለወረደ የቀን ሠራተኛ፣ ለስሙ አጻጻፍ ብሎ ሌላ ደብዳቤ ማጻፍ የትራንስፖርትና የሥራ ቀን ኪሳራ ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። በፍለጋ ጊዜ ሀ፣ ሐ፣ ኀን እንደ አንድ፤ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን እንዲሁ የሚቆጥር ኮድ መጻፍ ለአንድ ጎበዝ ባለሙያ የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። (የሰውየው ስም ግን ራሱ እንደጻፈው ይቀመጣል፤ ማንም ሊያርምለት አይገባም።) አስቸጋሪው ነገር እንዲህ ያለው ኮድ በየቡድኑ እንደ አዲስ መጻፉ ነው። የኢትዮጵያን ቀን መቁጠሪያ ወደ አውሮፓው የሚቀይር ኮድ በጃቫስክሪፕት ለብቻው፣ በፒኤችፒ ለብቻው፣ በፓይተን ለብቻው፣ በዳርት ለብቻው ተጽፎ ይገኛል። አንዱ ውስጥ የተገኘ ስሕተት ሲታረም ሌላው ውስጥ እንዳለ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ድግግሞሽ የሚመጣው «በተለያየ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተጻፈ ኮድ አብሮ አይሠራም» ከሚል የተሳሳተ ግምት ነው። ይሠራል። ሲ፣ ሲ ፕላስ ፕላስም ሆነ ራስት፣ ኮምፓይለሩ ሁሉንም ወደ ማሽን ቋንቋ ይለውጣቸዋል። ከዚያ ሊንከር የሚባለው መሣሪያ ቁርጥራጮቹን ገጥሞ አንድ ፕሮግራም ያደርጋቸዋል። ጃቫና ፓይተንም ቢሆኑ እንዲህ የተዘጋጀን ላይብረሪ ጭነው መጥራት ይችላሉ። ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት ቴሌግራም ራሱ ምስክር ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ የምታዩት ገጽ በጃቫ የተጻፈ ነው፤ ከሰርቨር ጋር የሚነጋገረው ክፍል ግን በሲ ፕላስ ፕላስ ነው። ስፌቱን ማንም አያየውም።

የመተማ ነጋዴ ከገላባቱ ጋር ለመገበያየት ዓረብኛን አጣርቶ ማወቅ የለበትም። በዕቃው ስም፣ በመለኪያውና ማን ምን ተረክቦ እንደሚሄድ ከተስማሙ ይበቃል። የኮድ ስምምነትም እነዚሁ ሦስት ናቸው።

አንደኛው ስም ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ የተግባሮችን ስም በራሱ መንገድ ስለሚለውጥ፣ ብዙውን ጊዜ ሁሉም የሚስማማው በሲ ቋንቋ አጠራር ነው።

ሁለተኛው መለኪያ ነው። «አብርሃ» የሚለው ባለ 4 ፊደል ስም በዩቲኤፍ-8 12 ባይት ይወስዳል፤ ጃቫ በሚያውቀው በዩቲኤፍ-16 ደግሞ 8። 10 ባይት ብቻ የመደበ ፕሮግራም «ሃ»ን መሐል ላይ ቆርጦ ስሙን ያበላሻል።

ሦስተኛው ኃላፊነት ነው። ለሥራው የተያዘውን ሚሞሪ ማን ይለቃል? ሁለቱም ከለቀቁት ፕሮግራሙ ሊወድቅ ይችላል፤ ሁለቱም ከተዉት ሚሞሪው እየተያዘ ይቀራል።

ሐሳቡ ለኢትዮጵያም አዲስ አይደለም። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ፎንቶች ሁሉ የየራሳቸው ኮድ በነበራቸው ዘመን፣ ዳንኤል ያዕቆብ ፊደሉን የሚያስተናግድ ላይብረሪ በሲ ጽፎ ነበር። ዛሬ ደግሞ አይሲዩ4ኤክስ የተባለው ዓለም አቀፍ ሥራ የኢትዮጵያን ቀን መቁጠሪያ በራስት አንድ ጊዜ ጽፎ ለሲ ፕላስ ፕላስ፣ ለጃቫስክሪፕትና ለዳርት በር ከፍቷል። የእኛን ጳጉሜን ሌሎች አንድ ጊዜ ጽፈው ለሁሉም ሲያካፍሉ፣ እኛው በየቢሯችን እንደጋግመዋለን።

«ለምን አንድ ማዕከላዊ ሰርቨር አይሠራም? ሁሉም ከዚያ ይጠይቅ» የሚል ይኖራል። ለአዲስ አበባ ያስኬድ ይሆናል። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ግን ለወራት ሳይመለስ ቆይቷል። መተግበሪያው ውስጥ የተገጠመ ላይብረሪ ኔትወርክ አይጠብቅም፤ አብርሃ ጅራ ላይ ያለ ስልክ ቢቆራረጥበትም ሥራውን ይቀጥላል።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። በሲ የተጻፈ ክፍል ውስጥ ያለ ስሕተት ሙሉውን መተግበሪያ ይዞ ሊወድቅ፣ ለጥቃትም በር ሊከፍት ይችላል። እውነት ነው። መልሱ ግን በሩን ጠባብ ማድረግ፣ በደንብ መፈተሽና ውስጡን እንደ ራስት ባለ ጠንቃቃ ቋንቋ መጻፍ ነው። አሥር ያልተፈተሹ ቅጂዎች ከአንድ የተፈተሸ አይሻሉም።

በሐምሌ 2016 ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም የዌብ፣ የአንድሮይድ፣ የዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ሥልጠና ይሰጣል። መልካም ነው። ነገር ግን ሁሉም የየራሱን ሜዳ ብቻ ተምሮ ከወጣ፣ ያው አንድ ሥራ በብዙ እጥፍ ይደጋገማል። ኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ የፊደል፣ የስም ፍለጋና የቀን መቁጠሪያ ላይብረሪ ቢያሠራ፣ ኮዱንም ለሁሉም ክፍት ቢያደርግ፣ ወጪው ከአንድ ቢሮ ሶፍትዌር ግዢ የሚበልጥ አይመስልም። ፋይዳ መታወቂያ የተመሠረተበት፣ ሕንድ ውስጥ የተሠራው ሞሲፕ ኮዱ ክፍት ነው። ኢትዮጵያ ከሌላው ክፍት ኮድ ተጠቅማለች። አሁን ደግሞ ስለ ፊደሏ ከማንም በላይ የምታውቀውን አንድ ጊዜ በትክክል ጽፋ ማካፈል ትችላለች።