ከዕድር ስለ መሰናበቻ ደብዳቤ

ሰው ሰፈር ሲለውጥ አንዲት ማንኪያ እንኳ ሳይረሳ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል፤ ለዕድሩ ግን ቃል ሳይተው መዋጮውን ብቻ ያቋርጣል። ይህን በየሰፈሩ እናያለን። ጸሐፊው ውዝፉንና ቅጣቱን በየወሩ ሲደምር ይቆይና በመጨረሻ የሰውየው ስም በጉባኤ ፊት ተነብቦ ይሰረዛል። አባቱን ተሸክመው ከቀበሩለት፣ ድንኳን ከተከሉለት ሰዎች የሚለየው እንዲህ ነው።

ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ለዕድሩ ዳኛ ይጻፍ፤ ቀኑም አይዘንጋ። «በመዝገብ ቁጥር 84 የምታወቀው አባል፣ መኖሪያዬን ስለ ለወጥሁ፣ እስከ የካቲት 30 ቀን ድረስ ያለብኝን መዋጮ ከፍዬ በፈቃዴ መሰናበቴን አስታውቃለሁ» ማለት ይበቃል። የቆየ ቅሬታ መዘርዘር ምን ይረባል? ነገ በሌላ ሰው ለቅሶ መገናኘት አይቀርምና። ጸሐፊው የፈረመበት ግልባጭ ከደረሰኙ ጋር በቤት ይቀመጥ። የተዋሱት ወንበር ወይም ብረት ድስት ካለም አብሮ ይመለስ።

ነገር ግን ለመሰናበት መቸኮል አያስፈልግም። ብዙ ዕድሮች አዲስ ገቢን የተወሰኑ ወራት ሳይቆይ አይረዱም። ስለዚህ የአዲሱ ሰፈር መብት እስኪጸና ድረስ የቀድሞውን መዋጮ መክፈል ይሻላል፤ በመካከሉ ሞት ቢመጣ ቤተ ሰቡ ከሁለቱም ዕድር ውጭ ሆኖ ይገኛልና።