«ታሪካችንን አጠፉብን!» ከማለታችን በፊት

ወገን፣ ዛሬ አንድ ነገር ልናዘዝ ነው። ስድቡን ለመጨረሻ አቆዩትና እስከ ታች አንብቡኝ።

ተመርቄ ቤት ከተቀመጥኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ሥራ የለም፣ የእህቴ ዋይፋይ ግን አለ። «ዝም ብዬ ከምቀመጥ ለአገሬ አንድ ነገር ልሥራ» ብዬ፣ ስለ ትውልድ ወረዳዬ አንድ አርበኛ ዊኪፔዲያ ላይ ረጅም ጽሑፍ ለጠፍኩ። በማግስቱ ስገባ የለም። ተሰርዟል!

ደሜ ፈላ። «ይኸው፣ ታሪካችንን ሆን ብለው እያጠፉት ነው!» ብዬ ፖስት አደረግኩ። ስንቱ ሼር አደረገው መሰላችሁ! «ሴራ ነው» ያለ አለ፣ «እንዝመትባቸው» ያለም አለ። ማታ በረድ ስል የተሰረዘበትን ምክንያት ከፍቼ አነበብኩ፦ የቅጂ መብት ጥሰት። እውነት ነው። አራቱን አንቀጽ ከአንድ መጽሐፍ ቃል በቃል ገልብጬ ነበር። ፎቶውንም ከአንድ ልጅ ገጽ ላይ ነው ያነሳሁት። ሴራ የሚባል ነገር ካለ ሴረኛው እኔው ነበርኩ።

ይሄ የፈረንጅ ሕግ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የራሳችን አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ፎቶ ከሆነ ከተሠራ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ «ፍቅር እስከ መቃብር» እስከ 2046 ዓ.ም. ገደማ ባለቤት አለው ማለት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ግን በስደት ያረፉት በ1931 ዓ.ም. ስለሆነ የእሳቸው ሥራ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። የአዋጅ ጽሑፍማ ከመጀመሪያውም የቅጂ መብት የለውም።

ደግሞ ልብ በሉ፣ መብቱ ያለው በአጻጻፉ ላይ እንጂ በታሪኩ ላይ አይደለም። ጦርነቱ መቼ እንደተደረገ፣ ማን እንደመራው ማንም የግሉ ሊያደርገው አይችልም። አንብበህ፣ ገብቶህ፣ በራስህ ቃል ጻፈው፤ ከየት እንዳገኘኸው ጥቀስ። በቃ። ምንጩ የግድ በእንግሊዝኛ ወይም ኢንተርኔት ላይ ያለ መሆን የለበትም። የታተመ የአማርኛ መጽሐፍም ምንጭ ነው።

«እንዝመት» ላላችሁት ደግሞ፦ ግልጽ ቅጂ ከሆነ ያለ ብዙ ክርክር ይሰረዛል። አከራካሪ ከሆነ ውይይት ይከፈታል፤ በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆያል። ውሳኔው ግን በእጅ ብዛት አይደለም፣ በማስረጃ ነው። ሺህ ሰው ገብቶ «አይሰረዝ!» ቢል አንድ ጥሩ ምንጭ ይዞ የመጣውን አያህልም። የተሰረዘ ጽሑፍም እስከ ወዲያኛው አይጠፋም፤ አስተዳዳሪዎች ያዩታል፣ አሳማኝ ምክንያት ካለ ይመልሱታል።

ፎቶ አንሺውን ፈልጌ ደወልኩለት። እሱም እንደ እኔ ተመርቆ ሥራ ያጣ የአገራችን ልጅ ነው። ከሰፈሩ ሰው ካሜራ ተውሶ ነው ያነሳው። «ብትጠይቀኝ እሰጥህ ነበር እኮ» አለኝ። አፈርኩ። እኔ «ለወገኔ» እያልኩ የዘረፍኩት ወገኔን ነበር።

«ለዊኪፔዲያ ብቻ ፈቅጃለሁ» ማለት እንደማይበቃ ነገርኩት። ነጻ ፈቃድ ማለት ስሙን እስከጠቀሰ ድረስ ማንም፣ ነጋዴም ጭምር፣ ሊጠቀምበት ይችላል ማለት ነው። አስቦበት ራሱ ጫነው። ዛሬ ፎቶው ባለበት ሁሉ ስሙ አብሮ አለ። እኔም ጽሑፉን ከሦስት መጻሕፍት አገናዝቤ እንደገና ጻፍኩት። እስካሁን አልተነካም።

የአማርኛው ዊኪፔዲያ ያሉት ጽሑፎች 15 ሺህ ገደማ ናቸው። የእንግሊዝኛው ከስድስት ሚሊዮን በላይ አለው። ይሄን ክፍተት ማንም አልሰረዘብንም፤ ስላልጻፍን ነው። የሚሰረዝብን ደግሞ ብዙ ጊዜ ስለገለበጥን ነው። እዚህ ገጽ ላይ እንኳ የሰው ጽሑፍ ስሙን ቆርጠን ስንት ጊዜ ለጥፈናል?

አገሬን እወዳለሁ የሚል ሰው የአገሩን ልጅ ላብ ያከብራል። ዛሬ ማታ ከስልካችሁ ራሳችሁ ያነሳችሁትን አንድ ፎቶ፣ በራሳችሁ ቃል የተጻፈ አንድ አንቀጽ ጨምሩ። ያን የቁጣ ፖስቴን አጥፍቼዋለሁ። ሼር ያደረጋችሁት ካላችሁ ይሄኛውንም አድርጉት።