ዱላው የልጁ ይሁን



በዘንድሮው የወላጆች ስብሰባ ከክፍያና ከመማሪያ መጻሕፍት እጥረት ቀጥሎ ብዙ ያነጋገረን የዱላ ጉዳይ ነበር። በእረፍት ጊዜ ክበባችን ልጆች ለእግር ጉዞ የሚይዙትን ዱላ ራሳቸው ልጠውና አለስልሰው፣ ስማቸውንም ቀርጸውበት ይሠራሉ። አንዳንድ ወላጆች ይህ ሥራ እንዲቀር ጠይቀዋል። እኛ ደግሞ እንዲቀጥል እንፈልጋለን። በስብሰባው ያልተገኙ ወላጆችም እንዲመዝኑት ምክንያታችንን እዚህ እናስፍራለን።

በቅድሚያ ሥራው ምን እንደሆነ እንናገር። ለዱላ ብለን የቆመ ዛፍ አንቆርጥም። የኒም ዛፍ ሲገረዝ ከሚወድቀው ቅርንጫፍ ቀጥ ያለውን እንለቅማለን። ርዝመቱ እስከ ልጁ ብብት ይደርሳል፣ ውፍረቱም መዳፉን የሚሞላ ነው። እርጥብ እንጨት ልጡ ወዲያው ተነሥቶ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሁለቱን ጫፎች በሻማ ሰም ደፍነን፣ ከነልጡ በጥላ ሥር ለሳምንታት እናቆየዋለን። ለልጆቻችን ከሁሉ የሚከብደው ይህ መጠበቅ ነው። ከዚያ በኋላ ልጡ ይነሣል፣ ጉጡ በሞረድ ይስተካከላል፣ እንጨቱ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልስና በሰሊጥ ዘይት ይታሻል። ከታች እንዳያንሸራትት የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ይመታበታል። ልጆች ቢላ የሚይዙት መምህሩ አጠገባቸው ሲሆን ብቻ ነው፤ የጋለ ብረት ግን ከመምህሩ እጅ አይወጣም።

መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ምልክት ያኖርበታል። አንዱ ስሙን በፊደል ከላይ ወደ ታች ይቀርጻል። ሌላዋ የእናቷን የጥልፍ ጥለት ትገለብጣለች። ሌላው ደግሞ የወላጆቹን አገር ስም ይጽፋል፦ ጎንደር፣ ሁመራ፣ ጅማ፣ ደሴ። ቀኑን ሙሉ በሰፈርና በገበያ ዐረብኛ ሲናገር የሚውል ልጅ «ጸ» እና «ፀ»ን ለይቶ ለመቅረጽ መምህሩን ሲጠይቅ ማየት ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። በደብተር ላይ የተሳሳተ ፊደል በላጲስ ይጠፋል፤ እንጨት ላይ ግን ይኖራል። ልጁም ይህን ስለሚያውቅ አስቦ ይቀርጻል።

አሁን ወደ ተቃውሞው እንምጣ። የመጀመሪያው «ዱላ ጠብ ይጠራል» የሚል ነው። ወላጆች ይህን የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ማዮ ልዩ ልዩ ሕዝብ ተፈናቅሎ መጥቶ የሰፈረበት፣ ኑሮ የከበደበት ሰፈር ነው፤ ዱላ የያዘ ጎረምሳም በቀላሉ በክፉ ዓይን ይታያል። ቋንቋችንም ቢሆን «ዱላ ቀረሽ ጭቅጭቅ» እያለ ዱላን ከጠብ ጋር ያቆራኘዋል። ይሁን እንጂ ያው እንጨት ምርኩዝም፣ ከዘራም፣ ዘንግም፣ መቋሚያም ይባላል። በቤተ ክርስቲያን ሌሊቱን ሙሉ የሚቆሙ ካህናትና መዘምራን የሚደገፉትም፣ ለዝማሬው የሚያወዛውዙትም መቋሚያቸውን ነው። በብዙ መስጊዶችም ኢማሙ የጁምዓ ኹጥባውን በትር ይዞ ማሰማቱ የቆየ ልማድ ነው። በኦሮሞ ባህል ያገባች ሴት ሲንቄ የምትባለውን በትር ትይዛለች። ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በተጣሉ ሰዎች መካከል ሲቆሙ ጠቡ መብረድ አለበት፤ ያችን በትር አልፎ መማታት ነውር ነው። ሩቅ ሳንሄድ ጎረቤቶቻችን ሱዳናውያን በሠርግ ላይ ዱላቸውን ወደ ላይ አንሥተው «አብሽር» ሲሉ ደስታ መግለጻቸው እንጂ ማስፈራራታቸው አይደለም። ዱላ ምን እንደሚሆን የሚወስነው ያዡ የተማረው ነገር ነው። ካላስተማርነው ደግሞ መንገዱ ያስተምረዋል።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከብዳል። ሥራው እንዲቀር ከጠየቁት ወላጆች መካከል በሌላ ቀን ቢሯችን መጥተው «ልጄ አልሰማ ብሎኛል፣ ግረፉልኝ» ያሉን አሉ። «ያልተቆነጠጠ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚለውንም ይጠቅሱልናል። የወላጅን ጭንቀት እንረዳለን፤ በሰው አገር ልጅ ማሳደግ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ዱላ በልጁ እጅ ሲሆን አደገኛ፣ በመምህሩ እጅ ሲሆን መድኃኒት ሊባል አይችልም። የአገራችን ሕገ መንግሥትም በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ፣ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ድንበር ተሻግረን ብንኖርም የምናስተምረው የዚያችኑ አገር ልጆች ነው። ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው፦ በግቢያችን የሚገኘው ዱላ ልጆች ለራሳቸው የሠሩት ብቻ ይሁን። መምህር ዱላ ከያዘ፣ እሱም ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብሎ የላገው የመንገድ ዱላው ይሁን።

ሦስተኛው «ኮምፒውተር እንዲማር የላክነውን ልጅ እረኛ ልታደርጉት ነው?» የሚል ነው። እረኝነት አያሳፍርም፤ ብዙዎቻችን ዱላ ትከሻችን ላይ አጋድመን፣ ሁለት እጃችንን አንጠልጥለንበት ያደግን ነን። ለትምህርትም ቢሆን ዱላው ይጠቅማል። ልጆቹ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት ያደርጉበታል። ቀጥ አድርገው ያቆሙትና ጥላውን ይለካሉ፤ ከዚያም የሕንፃውን ጥላ ለክተው በንጽጽር የሕንፃውን ቁመት ያገኛሉ። ካርቱም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 15 ዲግሪ ተኩል ላይ ስላለች፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጨረሻና በነሐሴ መጀመሪያ ገደማ፣ በእኩለ ቀን በቀጥታ አናታችን ላይ ትውላለች። ያን ጊዜ የቆመ ዱላ ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። ከ2,200 ዓመት በፊት ኤራቶስቴንስ የምድርን ዙሪያ ያሰላው በዚሁ በዓባይ ወንዝ ዳር፣ ከእኛ በስተ ሰሜን በምትገኘው አስዋን ፀሐይ አናት ላይ በምትውልበት ቀን በእስክንድርያ የሚታየውን ጥላ ለክቶ ነው። ይህን በመጽሐፍ ያነበበ ልጅ ሊረሳው ይችላል፤ በራሱ ዱላ የለካው ግን አይረሳውም።

ስጋታችሁን ግን ወደ ጎን አልተውነውም። ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ የሚከተሉት ይሠራባቸዋል። ዱላዎቹ በትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ይቀመጣሉ፤ የሚወጡት ለትምህርትና ለጉዞ ቀን ብቻ ነው። ወደ ጀበል አውሊያ ግድብ ስንሄድ በአውቶቡስ ተጭነው ሄደው፣ እዚያ ለእግር ጉዞው ይታደላሉ። በዱላው ሰው የመታ ወይም ያስፈራራ ተማሪ ወላጁ ባለበት መልሶ ያስረክባል፤ በዓመቱ ውስጥም ሌላ አይሠራም። 8ኛ ክፍል የጨረሰ ተማሪ ዱላውን ወላጁ መጥቶ ሲፈርምለት ወደ ቤቱ ይወስዳል። ሴቶች ልጆችም እንደ ወንዶቹ ይሠራሉ፤ በዚህ ላይ አንደራደርም።

ውድ ወላጆች፣ ልጆቻችሁን «ምርኩዜ» ብላችሁ ትጠራላችሁ። ምርኩዝ የሚሆን እንጨት ተመርጦ፣ በጥላ ሥር ቆይቶ፣ ቀስ ተብሎ ይላጋል እንጂ ተደብድቦ አይቃናም። ከእናንተ መካከል ወይራ ቅቤ ቀብቶ በጭስ ማጥቆር የሚያውቅ፣ ሽመል መምረጥ የሚችል፣ ሽቦ መጠምጠም የለመደ አባት ወይም አያት እንዳለ እናውቃለን። የጥልፍ ጥለት የምታውቁ እናቶችም አላችሁ። የዘንድሮው ቅርንጫፍ ጫፉ በሰም ተደፍኖ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ በጥላ ሥር ተደርድሯል። ትምህርት ሲከፈት በመጀመሪያው ወር መጥታችሁ ከልጆቹ ጋር እንድትሠሩ በአክብሮት እንጠይቃለን።