የትናንቱ አመፅ፣ የዛሬው ቅርስ

ውድ ሰዓት ወዳጆች ዘንድ "የድሮውን አትንኩብን!" የሚል ክርክር አይጠፋም። ይህን የሚሉት ሰዎች አብዝተው ከሚያደንቋቸው ሰዓቶች አንዱ ግን የተወለደው ድሮውን በመንካት ነው።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1972 የስዊዘርላንዱ ኦድማር ፒጌ "ሮያል ኦክ"ን ለገበያ አቀረበ። ንድፉ የጄራልድ ጄንታ ነበር። አካሉ የማይዝግ ብረት፣ የፊቱ ክፈፍ ባለ ስምንት ማዕዘን፣ 8 ብሎኖቹም ሳይደበቁ የሚታዩ። ዋጋው ደግሞ 3,300 ፍራንክ፤ ከብዙ የወርቅ ሰዓት በላይ! ያኔ የክብር ሰዓት ማለት ስስ፣ ክብና ወርቅ ነበር። መጀመሪያ ገበያው ቀዘቀዘበት። ዛሬ ያው ሰዓት "ክላሲክ" ይባላል፤ የኩባንያውም ዋና መታወቂያ ሆኗል።

ምስጢሩ ምንድን ነው? ለውጡ ከላይ ነበር። ውስጡ በባለሙያ እጅ የተወለወለ፣ እጅግ ስስ አውቶማቲክ ሞተር ነው፤ ብረቱም እንደ ወርቅ ተጠንቅቀውለታል። መልኩ ሲቀየር ሙያው አልተነካም።

ዛሬ ብዙ ብራንዶች የ1950ዎቹንና የ60ዎቹን መልክ እየቀዱ "ቅርስ" ብለው ይሸጣሉ። አዲስ የሞከረ ይዘለፋል፤ ኦድማር ፒጌ ራሱ በ2019 "ኮድ 11.59"ን ሲያወጣ ወቀሳው ወርዶበታል። ትችቱ ሁሉ ከንቱ ነበር ማለት አይደለም፤ አዲስ ስለሆነ ብቻ የሚያምር ነገር የለም። ግን ሁሉም ትናንትን ብቻ ከቀዳ፣ የዛሬ 50 ዓመት "ክላሲክ" የሚባለው የትኛው ይሆን?

ቅርስ ጠባቂ ሙያውን ይጠብቅ፤ መልኩን ለደፋሮች ይተው።